ከብራውዘር ወደ ሌላ ዶሜይን ጥያቄ መላክ፦ የኮርስ ስህተትን ከሥሩ መፍታት

ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴሎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለአነስተኛ ነጋዴዎች ድረ-ገጽ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ገጹንና መረጃውን ለያይተው ያስቀምጣሉ። በሪአክት ወይም በቪዩ የተሠራው ገጽ በአንድ ሆስቲንግ ላይ ይጫናል፤ ዳታቤዙን የሚያናግረው ኤፒአይ ደግሞ በሌላ ሰርቨርና በሌላ አድራሻ ይቆማል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ገጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤፒአይውን ሲጠይቅ በብራውዘሩ ኮንሶል ላይ ጥያቄው «በኮርስ ፖሊሲ ታግዷል» የሚል ቀይ መልእክት ይወጣል (ኮርስ አንድ ሰርቨር በሌላ አድራሻ ላይ ያለ ገጽ ምላሹን እንዲያነብ የሚፈቅድበት ደንብ ነው)፤ ያው ጥያቄ ኤፒአይ መሞከሪያ በሆነው በፖስትማን ፕሮግራም ሲሞከር ግን ያለ አንዳች ችግር ይሠራል። ብዙ ሰዓት የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መልእክቱ የሚወጣው ብራውዘሩ ላይ በመሆኑ ሠሪው የገጹን ኮድ ደጋግሞ ይቀያይራል፤ የጎደለው ነገር ያለው ግን ምላሽ በሚሰጠው ሰርቨር ላይ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ተጠያቂው እንጂ ጠያቂው አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ ከዚህ አንድ ነጥብ የሚነሣ ነው።

ለማብራሪያ ያህል አንድ ምሳሌ እንያዝ። በአሞራ ገደል ከሐይቁ የሚወጣውን የቆሮሶና የአምባዛ የዕለት ዋጋ ለምግብ ቤቶች የሚያሳይ፣ ትዕዛዝም የሚቀበል አነስተኛ ድረ-ገጽ ተሠርቷል እንበል። ገጹ የሚገኘው «ኤችቲቲፒኤስ://ዓሣ.ምሳሌ» በሚል አድራሻ ሲሆን ኤፒአይው የሚገኘው «ኤችቲቲፒኤስ://ኤፒአይ.ዓሣ.ምሳሌ» በሚል አድራሻ ነው። አድራሻዎቹንም ሆነ የሄደሮቹን (ከጥያቄና ከምላሽ ጋር የሚላኩትን የመረጃ መስመሮች) ስም እዚህ በፊደላችን የጻፍኩት ለንባብ እንዲመች ነው፤ በኮድ ውስጥ በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ አንባቢው ያውቃል።

ኦሪጅን የሚለየው በምንድን ነው?

ብራውዘር ሁለት አድራሻዎች «አንድ ናቸው» ወይም «የተለያዩ ናቸው» የሚለውን የሚወስነው ሦስት ነገሮችን አይቶ ነው፤ እነዚህም ፕሮቶኮሉ፣ የሆስቱ ስምና የፖርት ቁጥሩ ናቸው። ሦስቱ በአንድነት ኦሪጅን ይባላሉ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተለየ ኦሪጅኑ የተለየ ነው። ከአድራሻው በኋላ የሚመጣው መንገድ ግን በስሌቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ «ዓሣ.ምሳሌ» እና «ኤፒአይ.ዓሣ.ምሳሌ» የአንድ ባለቤት ቢሆኑም ለብራውዘሩ ሁለት የተለያዩ ኦሪጅኖች ናቸው። ሦስቱ ደብሊው ያሉበትና የሌሉበት አድራሻም እንዲሁ ይለያያል። በራስ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ደግሞ ገጹ በ5173 ፖርት፣ ኤፒአይው በ8000 ፖርት ላይ ከሆነ ሁለቱም ሎካልሆስት ቢሆኑም አንድ አይደሉም፤ «ሎካልሆስት» እና «127.0.0.1» የሚሉት አጻጻፎችም ወደ አንድ ማሽን ቢያመሩም የሆስት ስማቸው ስለሚለያይ በኦሪጅን ደረጃ አንድ አይደሉም። የኤችቲኤምኤል ፋይልን ከፎልደር ውስጥ በድርብ ክሊክ የሚከፍት ሰው ደግሞ ኦሪጅኑ «ነል» ሆኖ ይላካል፤ ይህን ሰርቨሩ ላይ ከመፍቀድ ይልቅ ገጹን በትንሽ ሎካል ሰርቨር በኩል መክፈት ይገባል።

ይህ ገደብ አዲስ ነገር አይደለም። ጃቫስክሪፕት በኔትስኬፕ ብራውዘር ውስጥ ብቅ ባለበት እ.ኤ.አ. በ1995 አካባቢ የጀመረና እስከ ዛሬ የድሩ ደኅንነት የቆመበት መሠረት ነው። ብራውዘር የተጠቃሚውን አደራ የያዘ ነው፤ የባንኩን፣ የኢሜይሉንና የመሥሪያ ቤቱን ኩኪ (የገባውን ተጠቃሚ የሚያስታውስ ትንሽ መረጃ) በአንድነት አስቀምጧል። ማንኛውም የተከፈተ ገጽ የፈለገውን አድራሻ እየጠየቀ ምላሹን ማንበብ ቢችል ኖሮ አንድ ተንኮለኛ ገጽ በተጠቃሚው ስም ወደ ባንኩ ገብቶ ሒሳቡን አንብቦ መውጣት ይችል ነበር። ፖስትማንና ጥያቄን ከትዕዛዝ መስመር የሚልከው ከርል ይህ ገደብ የሌለባቸው የማንንም አደራ ስላልያዙ ነው፤ በእነሱ ላይ የሠራ ጥያቄ በብራውዘር ላይ አለመሥራቱ ሊያስገርም አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ገደቡ በዋናነት የሚከለክለው ማንበብን ነው፤ መላክን ሁልጊዜ አይከለክልም። ከሌላ ኦሪጅን ምስል ማሳየት፣ ስክሪፕት መጫን፣ ፎርም መላክ ከጥንትም የተፈቀደ ነው። በምሳሌያችን አንድ ምግብ ቤት 20 ኪሎ ቆሮሶ ሲያዝ ትዕዛዙ በተራ ፎርም ዓይነት ተልኮ ሰርቨሩ ግን የፈቃድ ሄደር ሳይመልስ ቢቀር፣ ትዕዛዙ ዳታቤዙ ውስጥ ተመዝግቧል፤ ብራውዘሩ ምላሹን ለገጹ ኮድ አላሳልፍም ስላለ ብቻ ገጹ «አልተሳካም» ይላል። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ደግሞ ከተጫነው 60 ኪሎ ዓሣ ታዝዟል ማለት ነው። የኮርስ ስህተት ታየ ማለት ሰርቨሩ ላይ ምንም አልተፈጸመም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ገጹ አንድ ልዩ መለያ ፈጥሮ ቢልክና ሰርቨሩ ያው መለያ በድጋሚ ሲመጣ አዲስ ትዕዛዝ ባይመዘግብ ይመረጣል።

ቀላሉ ጥያቄ

ከኮርስ በፊት ሰዎች የሚጠቀሙበት ጄሰንፒ የሚባል ዘዴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የቀረበ ሲሆን ስክሪፕት ከየትም መጫን መቻሉን ተጠቅሞ መረጃውን በስክሪፕት መልክ ያመጣል። የሚሠራው መረጃ ለማምጣት በሚያገለግለው በጌት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከዚያም በላይ የሌላ ሰው ሰርቨር የላከውን ኮድ በራስ ገጽ ላይ ማስኬድ ስለሆነ ዛሬ ለአዲስ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት የለም። ኮርስ የድር መስፈርቶችን በሚያወጣው በደብሊውስሪሲ የጸደቀ መስፈርት የሆነው እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ሲሆን አሁን ደንቡ የሚገኘው «ፌች» በሚባለው መስፈርት ውስጥ ነው።

የዓሣ ዋጋ ዝርዝሩን ለማምጣት ገጹ ፌች በተባለው ፈንክሽን ተራ የጌት ጥያቄ ይልካል። ብራውዘሩ ከጥያቄው ጋር «ኦሪጅን» የሚል ሄደር ራሱ ይጨምራል፤ ይህን ሄደር የገጹ ኮድ ሊጽፈውም ሊቀይረውም አይችልም። ሰርቨሩ ከምላሹ ጋር «አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ኦሪጅን» የሚል ሄደር መመለስ አለበት፤ ዋጋውም ከመጣው ኦሪጅን ጋር ፊደል በፊደል አንድ የሆነ አድራሻ ወይም የኮከብ ምልክት ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ስላሽ ቢጨመር፣ ከኤችቲቲፒኤስ ላይ ኤስ ቢጎድል ወይም ሁለት አድራሻዎች በኮማ ተለይተው ቢጻፉ ብራውዘሩ አይቀበልም።

ኮከቡን መጠቀም ነውር ነው የሚል አስተያየት በብዙ ቦታ ይሰማል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የዓሣ ዋጋ፣ የአየር ሁኔታ፣ የበዓላት ቀን፣ ማለትም ማንም ሳይገባ ሊያየው የሚችለው መረጃ ሁሉ በኮከብ ቢከፈት የሚጎዳ ሰው የለም። የትዕዛዝ ዝርዝርና የደንበኛ ስልክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህን የሚጠብቃቸውም ኮርስ ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ ያለው የመግቢያ ቁጥጥር ነው፤ ከርል ይዞ የመጣ ሰው ኮርስ ኖረ አልኖረ አይገደውምና።

ሰርቨሩ የሚፈቅዳቸው ኦሪጅኖች ከአንድ በላይ ሲሆኑ ለምሳሌ ዋናው ገጽ፣ የአስተዳዳሪው ገጽና የሎካል መሞከሪያው ሲኖሩ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፤ የተፈቀዱትን በዝርዝር መያዝ፣ የመጣው ኦሪጅን በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ያንኑ መልሶ መጻፍ፣ ከሌለ ሄደሩን ጭራሽ አለመጨመር። ንጽጽሩ ሙሉ እኩልነት መሆን አለበት። «በዓሣ.ምሳሌ የሚያልቅ ሁሉ ይፈቀድ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሐሰተኛዓሣ.ምሳሌ» የሚል ዶሜይን ለገዛ ለማንም በሩን ከፍቷል። በተጨማሪም ምላሹ እንደ ጠያቂው ስለሚለያይ «ቬሪ» የሚል ሄደር «ኦሪጅን» ከሚል ዋጋ ጋር መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ በመሃል ያለ ካሽ (ምላሽን ለጊዜው የሚያስቀምጥ ማከማቻ) ለአንዱ ገጽ የተሰጠውን ምላሽ ለሌላው ያቀብልና ስህተቱ አንዳንዴ እየታየ አንዳንዴ እየጠፋ ሰውን ያደክማል።

ገጹ ከምላሹ ውስጥ የተለየ ሄደር ማንበብ ከፈለገ፣ ለምሳሌ ጠቅላላ የገጾችን ብዛት የሚናገር የራሱን ሄደር፣ ሰርቨሩ የዚያን ሄደር ስም «አክሰስ-ኮንትሮል-ኤክስፖዝ-ሄደርስ» በሚለው ውስጥ መዘርዘር ይኖርበታል። ያለዚያ በኔትወርክ ታብ ላይ በግልጽ እየታየ ከኮዱ ሲጠየቅ «ነል» ይመለሳል።

ፕሪፍላይት፦ ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት

ጥያቄው ጌት፣ ሄድ ወይም ፖስት ከሆነና ከጥቂት የታወቁ ሄደሮች በስተቀር ምንም ካልተጨመረበት ብራውዘሩ በቀጥታ ይልከዋል። በፖስት ላይ ደግሞ የኮንቴንት-ታይፕ ዋጋው ከሦስቱ የፎርም ዓይነቶች አንዱ፣ ማለትም ተራው ፎርም፣ ፋይል የሚይዘው ፎርም ወይም ቴክስት/ፕሌን መሆን አለበት። የዛሬ ኤፒአይዎች ግን የሚቀበሉት ጄሰን በተባለው የመረጃ አጻጻፍ ነው፤ መግቢያውም ብዙ ጊዜ በኦተራይዜሽን ሄደር የሚላክ ቶክን (የመግቢያ መለያ ጽሑፍ) ነው። ሁለቱም ከተፈቀደው ዝርዝር ውጭ ናቸው፤ ፑት፣ ፓችና ዲሊትም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ብራውዘሩ እውነተኛውን ትዕዛዝ ከመላኩ በፊት ፕሪፍላይት የሚባለውን ቅድመ-ጥያቄ በኦፕሽንስ ሜተድ ይልካል። በምሳሌያችን ከብራውዘሩ የሚወጣው ይህን ይመስላል፦

ኦፕሽንስ /ትዕዛዝ
ኦሪጅን፦ ኤችቲቲፒኤስ://ዓሣ.ምሳሌ
አክሰስ-ኮንትሮል-ሪኩዌስት-ሜተድ፦ ፖስት
አክሰስ-ኮንትሮል-ሪኩዌስት-ሄደርስ፦ ኦተራይዜሽን፣ ኮንቴንት-ታይፕ

ከሰርቨሩ መመለስ ያለበት ደግሞ ይህ ነው፦

204
አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ኦሪጅን፦ ኤችቲቲፒኤስ://ዓሣ.ምሳሌ
አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ሜተድስ፦ ጌት፣ ፖስት፣ ዲሊት
አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ሄደርስ፦ ኦተራይዜሽን፣ ኮንቴንት-ታይፕ
አክሰስ-ኮንትሮል-ማክስ-ኤጅ፦ 7200
ቬሪ፦ ኦሪጅን

ይህ ከተመለሰ በኋላ ብቻ ነው እውነተኛው ፖስት የሚሄደው፤ የፖስቱ ምላሽም የራሱን «አላው-ኦሪጅን» ሄደር መያዝ አለበት። ፕሪፍላይቱ አልፎ ዋናው ምላሽ ሄደር ሳይዝ ቢመጣ ገጹ አሁንም አያነብም።

ፕሪፍላይት የሚወድቅበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከኮርስ እውቀት ማነስ ሳይሆን ከሌላ ኮድ ጋር ከመጋጨት ነው። አንደኛው ግጭት ከመግቢያ ቁጥጥሩ ጋር ነው። ብራውዘሩ በፕሪፍላይት ላይ ቶክኑንም ኩኪውንም አይልክም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ «ቶክንህ የታለ?» እያለ የሚመልስ ሚድልዌር (ጥያቄው ወደ ዋናው ኮድ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት ኮድ) ከኮርሱ ሚድልዌር በፊት ከተቀመጠ ኦፕሽንሱን በ401 ይመልሰዋል፤ ፕሪፍላይት ደግሞ ከ200 እስከ 299 ባለው ኮድ ካልተመለሰ እንደወደቀ ይቆጠራል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ከሰርቨር ማዕቀፎች መካከል በኤክስፕረስ ላይ የኮርስ ሚድልዌሩ ከመግቢያ ቁጥጥሩ በፊት ይጠራል፤ በጃንጎ ላይ የኮርስ ሄደሮችን የሚጨምረው ሚድልዌር በዝርዝሩ ውስጥ በተቻለ መጠን ወደ ላይ፣ ቢያንስ ምላሽ ሊያመነጭ ከሚችለው ከኮመን ሚድልዌር በላይ ይቀመጣል። ላራቬል የሚጠቀም ሰው ደግሞ በኮንፊግ ፎልደር ውስጥ ባለው የኮርስ ፋይል ላይ መንገዱ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጥ፤ አዲስ መንገድ ከኤፒአይ ቅድመ-ቅጥያ ውጭ ከፍቶ ፋይሉን የረሳ ሰው ይኖራል።

ሁለተኛው ግጭት ሪዳይሬክት ነው። ጃንጎ መጨረሻው ላይ ስላሽ የሌለውን አድራሻ ስላሽ ወዳለው ያዛውራል፤ የድር ሰርቨር የሆነው ኤንጂንኤክስም ኤችቲቲፒን ወደ ኤችቲቲፒኤስ እንዲያዛውር ይደረጋል። ለተራ ጎብኚ ይህ የማይታይ ነገር ነው፤ ፕሪፍላይት ግን ሪዳይሬክት አይቀበልም። ኮንሶሉ ስለ ሪዳይሬክት የሚያወራ ከሆነ በፌቹ ውስጥ የተጻፈውን አድራሻ ከፕሮቶኮሉ እስከ መጨረሻው ስላሽ ድረስ መመርመር በቂ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ኮከቡን ይመለከታል። «አላው-ሄደርስ» ላይ ኮከብ ማድረግ ይቻላል፤ ይሁንና ኮከቡ ኦተራይዜሽንን አያካትትም፤ እሱ በስሙ መጠራት አለበት።

ማክስ-ኤጅን መርሳት ስህተት ባያመጣም ገጹን ያዘገያል። ካልተጻፈ ብራውዘሩ የፕሪፍላይቱን ውጤት የሚያስታውሰው ለ5 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሁለት ጉዞ ያስፈልጋል። ሰርቨሩ አውሮፓ ውስጥ ተከራይቶ ተጠቃሚው ሐዋሳ ሆኖ በሞባይል ዳታ ሲጠቀም ይህ ተጨማሪ ጉዞ በግልጽ ይታወቃል። ክሮም ከ7200 ሰከንድ በላይ አያስቀምጥም፤ ፋየርፎክስ እስከ 86400 ይቀበላል፤ ስለዚህ 7200 መጻፍ ምክንያታዊ ነው።

ኩኪ ሲኖር

መግቢያው በቶክን ሳይሆን በኩኪ ከሆነ ነገሩ ጠበቅ ይላል። ፌች በራሱ ወደ ሌላ ኦሪጅን ኩኪ አይልክም፤ «ክሬደንሺያልስ» የሚለው አማራጭ «ኢንክሉድ» ተብሎ መሰጠት አለበት። ሰርቨሩም በበኩሉ «አክሰስ-ኮንትሮል-አላው-ክሬደንሺያልስ» የሚለውን ሄደር «ትሩ» በሚል ዋጋ ይመልሳል፤ በዚህ ጊዜ በአላው-ኦሪጅን ላይ ኮከብ ፈጽሞ አይሠራም፤ በሜተዶችና በሄደሮች ዝርዝር ላይ ያለ ኮከብም ትርጉሙን ያጣል። ይህን ክልከላ ለማለፍ የመጣውን ኦሪጅን ሁሉ ሳይመረምሩ መልሶ የሚጽፍ ኮድ በየቦታው ይገኛል፤ ከኮከቡ የባሰ አደጋ ያለውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ለማንኛውም ገጽ የገባውን ተጠቃሚ መረጃ በኩኪው እያነበበ እንዲወስድ ይፈቅዳል።

ሄደሮቹ ሁሉ ተስተካክለው ኩኪው የማይሄድበት ሁኔታም አለ፤ ይህ የኮርስ ሳይሆን የኩኪው የራሱ ደንብ ነው። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ «ሴምሳይት» (ኩኪው ከሌላ ሳይት በሚነሣ ጥያቄ ላይ መላክ አለመላኩን የሚወስን ምልክት) ያልተጻፈለትን ኩኪ እንደ «ላክስ» ይቆጥረዋል፤ ላክስ ደግሞ ከሌላ ሳይት በሚነሣ ፌች ላይ አይላክም። ኦሪጅንና ሳይት አንድ አለመሆናቸውን እዚህ ላይ መያዝ ይጠቅማል። «ዓሣ.ምሳሌ» እና «ኤፒአይ.ዓሣ.ምሳሌ» ኦሪጅናቸው ቢለያይም በአንድ የተመዘገበ ዶሜይን ሥር በመሆናቸውና ሁለቱም ኤችቲቲፒኤስ በመጠቀማቸው ሳይታቸው አንድ ነው፤ የላክስ ኩኪ በመካከላቸው ይሄዳል። ኤፒአይው በሌላ ዶሜይን ላይ ቢሆን ኖሮ ኩኪው «ሴምሳይት ነን» እና «ሴኪዩር» ተብሎ መጻፍ ነበረበት፤ እንዲያም ሆኖ ሳፋሪ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን በነባሪ ስለሚያግድ በአይፎን ላይ መግቢያው አይሠራም። በነፃ ሆስቲንግ ላይ ያሉ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በቨርሴል ወይም በኔትሊፋይ ነፃ ንዑስ ዶሜይን ላይ ያሉ ሁለት ፕሮጀክቶች ስማቸው በአንድ ቃል ቢያልቅም እንደ ሁለት የተለያዩ ሳይቶች ይቆጠራሉ። ስለዚህ ኩኪ ለመጠቀም ያሰበ ሰው የራሱን ዶሜይን ገዝቶ ኤፒአይውን በንዑስ ዶሜይን ላይ ቢያቆም ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሰርቨሩ የእርስዎ ካልሆነ፣ ወይም ኮርስን ጨርሶ ካልፈለጉ

አነስተኛ ለሆነ ሥራ፣ ገጹም ኤፒአይውም በአንድ ሰው እጅ ላይ ለሆነበት፣ ከሁሉ የሚሻለው ኮርስ የሚያስፈልግበትን ሁኔታ ማጥፋት ነው። ኤንጂንኤክስ በ«ዓሣ.ምሳሌ» ላይ ቆሞ በ«/ኤፒአይ/» የሚጀምረውን ጥያቄ ሁሉ ከኋላ ወዳለው ሰርቨር ቢያስተላልፍ ለብራውዘሩ ኦሪጅኑ አንድ ይሆናል፤ ፕሪፍላይት የለም፤ የሴምሳይት ጣጣም የለም። በሎካል ሲሠራም የቪት መሞከሪያ ሰርቨር ይህንኑ የማስተላለፍ ሥራ በፕሮክሲ ቅንብሩ ይሠራል። ነገር ግን የቪቱ ፕሮክሲ የሚሠራው በሥራ ጊዜ ብቻ እንደሆነ መርሳት አይገባም፤ በራስ ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ገጹ ከተጫነ በኋላ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የሌላ ድርጅት ኤፒአይ ሲሆን ደግሞ ሄደሩን እንዲጨምሩልን ከመጠየቅ በቀር በእነሱ ሰርቨር ላይ ማድረግ የምንችለው ነገር የለም። ሄደሩ የሌለው ሆን ተብሎ ሊሆንም ይችላል። ለምሳሌ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገልግሎቶች ለነጋዴው ሚስጥራዊ ቁልፍ ይሰጣሉ፤ ይህ ቁልፍ በገጹ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ከተጻፈ የገጹን ምንጭ ኮድ የከፈተ ሁሉ ያገኘዋል። ስለዚህ ትዕዛዙ ከገጹ ወደ ራሳችን ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨራችን ዋጋውን ራሱ አስልቶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ ከክፍያ አገልግሎቱ ጋር ይነጋገራል፤ ለገጹ የሚመለሰው ደንበኛው የሚከፍልበት አድራሻ ብቻ ነው። በሰርቨርና በሰርቨር መካከል ኮርስ የሚባል ነገር የለም።

በኢንተርኔት ላይ በሰፊው የሚመከሩ ሦስት አቋራጮች አሉ። ሦስቱንም አልመክርም። «ኖ-ኮርስ» የሚለውን ሞድ በፌች ውስጥ መጻፍ ስህተቱን ከኮንሶል ያጠፋል፤ የሚመጣው ምላሽ ግን የታሸገ ነው፤ የስቴተስ ኮዱ 0 ይላል፤ ውስጡም አይነበብም። ክልከላውን የሚያጠፋ የብራውዘር ኤክስቴንሽን መጫን በሠሪው ማሽን ላይ ብቻ ይሠራል፤ ምግብ ቤቱ ስልክ ላይ ያ ኤክስቴንሽን የለም። በነፃ የሚገኝ የሕዝብ ፕሮክሲ መጠቀም ደግሞ የደንበኛን ስልክና የመግቢያ ቶክን በማያውቁት ሰው ሰርቨር በኩል ማሳለፍ ነው።

ስህተቱን መፈለግ

የገጹ ኮድ የኮርስን ስህተት ምክንያት ሊያውቅ አይችልም፤ ፌች የሚወረውረው «ታይፕኤረር» ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚመጣው ያው ነው። ዝርዝሩ ያለው በኮንሶልና በኔትወርክ ታብ ላይ ነው። ስለዚህ ኮድ ከመቀየር በፊት ኔትወርክ ታብን ከፍቶ ጥያቄውን ማየት ያስፈልጋል፤ ኦፕሽንስ አለ ወይ? ምን ኮድ መለሰ? ዋናው ጥያቄስ ተልኳል ወይ? ምላሹ ውስጥ «አላው-ኦሪጅን» ስንት ጊዜ ይገኛል?

የመጨረሻው ጥያቄ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ኤክስፕረሱ አንድ ጊዜ፣ ኤንጂንኤክሱ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሄደሩን ሲጨምሩ ሁለት ዋጋ ይመጣና ብራውዘሩ ሁለቱንም ይጥላል። ሄደሩ የሚጨመርበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ እኔ በመተግበሪያው ኮድ ውስጥ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የተፈቀዱት ኦሪጅኖች ዝርዝር ከኮዱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው።

ሌላው አሳሳች ሁኔታ ኮርስ የሚመስል ግን ኮርስ ያልሆነ ስህተት ነው። ሰርቨሩ ውስጥ አንድ ነገር ተሰብሮ 500 ሲመልስ ወይም ከኋላ ያለው ፕሮግራም ቆሞ ኤንጂንኤክስ 502 ሲመልስ የስህተት ምላሹ ብዙ ጊዜ የኮርስ ሄደር አይይዝም፤ ብራውዘሩም «ሄደሩ የለም» ብሎ ይከስሳል። ትናንት ይሠራ የነበረ ገጽ ዛሬ የኮርስ ስህተት ካመጣ መጀመሪያ የሚታየው የሰርቨሩ ሎግ ነው። ሄደሩን በኤንጂንኤክስ የሚጨምር ሰው «ኦልዌይስ» የሚለውን ቃል በመስመሩ መጨረሻ ላይ ካላስቀመጠ ሄደሩ በስህተት ምላሾች ላይ እንደማይጨመር ይወቅ። በኤችቲቲፒኤስ የተከፈተ ገጽ በኤችቲቲፒ ያለ ኤፒአይን መጥራቱም በብራውዘሩ ይታገዳል፤ እሱም የሚፈታው ለኤፒአይው ሰርተፊኬት በማስገባት እንጂ በኮርስ ሄደር አይደለም። በቨርሴልና በመሰሎቹ ላይ ለእያንዳንዱ የሙከራ ጭነት አዲስ አድራሻ ስለሚሰጥ ዋናው ገጽ እየሠራ የሙከራው ገጽ ብቻ ቢታገድም ሊያስደነግጥ አይገባም፤ አድራሻው በዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው።

ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ ብራውዘሩ የድሮውን የፕሪፍላይት ውጤት አስታውሶ እንዳያሳስት በዴቨሎፐር ቱል ውስጥ ካሽ የሚያጠፋውን ምልክት አድርጎ ገጹን እንደገና መክፈት፣ ሰርቨሩን ደግሞ በከርል ለብቻው መመርመር ይሻላል። ከርል ኦሪጅን የሚለውን ሄደር በእጅ እንድንጽፍ ስለሚፈቅድ ያንኑ የኦፕሽንስ ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንልካለን፤ አንዴ በ«ዓሣ.ምሳሌ»፣ አንዴ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ በሌለ አድራሻ። በመጀመሪያው ላይ ሄደሩ ተመልሶ በሁለተኛው ላይ ካልተመለሰ የኮርስ ቅንብሩ ትክክል ነው፤ በሁለቱም ላይ የላክነውን ኦሪጅን ይዞ ከተመለሰ ሰርቨሩ ኦሪጅኑን ሳይመረምር እየደገመ ነውና ኩኪ የሚቀበለው መንገድ ከመከፈቱ በፊት መታረም አለበት።